ጋሽ ሸምሱ ላይ የተለጠፈው ቀይ ካርድ

ቀይ ካርድ ሰው ላይ አይለጠፍም። ይህን የሚከለክል መስመር በየትኛውም የካይዘን ማኑዋል ላይ አላገኘሁም። ይከልከል ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ካይዘን ምን እንደሆነ ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁና ታገሡኝ። ካይዘን ሥራን በትንሽ በትንሹ፣ ሳያቋርጡ የማሻሻል ፍልስፍና ነው። ከጃፓን መጥቶ ዛሬ እኛ ጋ ፋብሪካውም መሥሪያ ቤቱም የሙያ ማሰልጠኛውም የሚማረው ነገር ሆኗል። መግቢያው «አምስቱ ማዎች» ይባላል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የመጀመሪያው፣ ማጣራት፣ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት ነው። ያጠራጠረ ዕቃ ቀይ ካርድ ይለጠፍበትና ጊዜያዊ ማቆያ ይገባል። ማንም ካልፈለገው ይወገዳል። የሚፈልገው ክፍል ከመጣ ደግሞ ፈርሞ ይመልሰዋል። በቃ፣ ይኼው ነው።

ያን ጊዜ እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሙያ ማሰልጠኛ የንብረት አያያዝ አስተማሪ ሆኜ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ለካይዘን የነበረኝ ፍቅር ልክ አልነበረውም። ብስራተ ገብርኤል ከእናቴ ጋር የምኖርበት ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ጣሳ ላይ ስሙን ጽፌ ስለጥፍ፣ እናቴ «ልጄ፣ ጨውና ስኳር ለመለየት እኮ ምላስ አለኝ» ብላኛለች። እኔ ግን አልሰማኋትም። በዚያ ዕድሜዬ በሥርዓት ያልተቀመጠ ነገር ሁሉ ችግር፣ ችግር ሁሉ ደግሞ ሥርዓት ያጣ ዕቃ ይመስለኝ ነበር።

ዘይነባ የማታው ክፍል ተማሪዬ ነበረች። በዕድሜ ለእናቴ ብትቀርብም ገና በመጀመሪያው ሳምንት «አንቱ» እንዳልላት ከልክላኛለች። «ክፍል ውስጥ ተማሪሽ ነኝ፤ ዕድሜ አትጨምሪብኝ» ነበር ያለችኝ። አንድ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ረዳት ሆና ለብዙ ዓመታት ሠርታለች። በዚያ ሰሞን የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ነበር። ቦታው ለእሷ እንዲሆን አለቆቿ ፈቃደኞች ናቸው፤ ግን አንድ ነገር ጎድሏታል፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው። ፈተናው ቅዳሜ ነው። ካለፈች ኃላፊ ትሆናለች። ከወደቀች ቦታው ማስታወቂያ ይወጣበትና ከውጭ ሰው ይቀጠርበታል።

«ሁለት አለቃ አስተምሬ ወንበር ላይ አስቀምጫለሁ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ከክፍል ስንወጣ። «ሦስተኛውን አላስተምርም፤ ወላሂ ደክሞኛል።»

ክፍል ውስጥ ጎበዝ ነበረች። የፈተናው ሳምንት ሲገባ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ቲቸር፣ ቤት ማጥናት አልቻልኩም። ሸምሱ አላስጠና አለኝ።»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ይጠይቀኛል። ምስማር የት ነው፣ ሂሳብ ስንት ሆነ፣ ዛሬ ምን ተማርሽ፣ እሱ ደግሞ ለምን እንደዚያ ይሆናል... አፉ አያርፍም!»

በካይዘን ችግር ቢሮ ተቀምጦ አይፈታም፤ ነገሩ ያለበት ቦታ ሄዶ በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ይህንኑ አስረዳኋትና ማክሰኞ ወደ ማታ፣ ቀይ ካርዶቼን በቦርሳዬ ይዤ፣ ታክሲ ቀይሬ ለቡ ወረድኩ።

ቤታቸው ሁለት ነገር ነው። በመንገዱ በኩል የጋሽ ሸምሱ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ፣ ከኋላ ደግሞ መኖሪያቸው። የሚለያቸው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው። አንዲት ልጃቸው ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ስለገባች ቤቱ ውስጥ ያሉት ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ገና ተቀምጬ ደብተር ሳልዘረጋ ከግድግዳው ወዲያ ጩኸት መጣ።

«ዘይኑ! የጣሪያ ምስማር የት ነው?»

«ከሚዛኑ ሥር!»

«የለም!»

«ጎንበስ ብለህ እይ፣ ሰውዬ!»

ትንሽ ቆይቶ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ጢሙ ላይ ነጭ ቀለም የነካው ፊት በበሩ ብቅ አለ።

«ቲቸር፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ዛሬ ምንድን ነው የምትማሩት?»

«ማጣራት ነው፣ ጋሽ ሸምሱ። ጥናቷን የሚያውክባትን ነገር እናስወጣለን።»

«እንግዲያው ቴሌቪዥኑን አስወጡት። ድራማ በድራማ ሆነናል።»

«ድራማውን የምታየው አንተ!» አለች ዘይነባ።

«እኔ የማየው አንቺ እንዳታዪው ብዬ ነው።»

ሥራ ጀመርን። ቴሌቪዥኑ ቀይ ካርድ ተለጠፈበት። ጠረጴዛውን ይዞ የነበረው የልብስ ስፌት መኪናም እንዲሁ። የልጅቷ የድሮ መጻሕፍት፣ የተሰበረ ማራገቢያ፣ አንድ ሙሉ ካርቶን ባዶ የሽቶ ጠርሙስ፣ ሁሉም ካርድ ካርዳቸውን አገኙ። በዚህ መሃል ጋሽ ሸምሱ መጡ፣ ሄዱ፣ መጡ። የመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ ጥያቄያቸው «ይቺ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የምትሏት የዕቃ መረከቢያ ወረቀት፣ ዕቃው ሳይመጣ ብትፈርሙባትስ?» የሚል ነበር።

ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ አንድ ካርድ ተርፎሻል?»

ሰጠኋት። በትልቁ ጻፈችበትና ሄዳ ደረታቸው ላይ ለጠፈችው። ጋሽ ሸምሱ አገጫቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ።

«የዕቃው ስም፦ ሸምሱ። ካርድ የተለጠፈበት ምክንያት፦ ወሬ።» ቀና አሉ። «አጂብ! የት ነው የምጣለው?»

«አይጣሉም ጋሼ፣ ጊዜያዊ ማቆያ ነው የሚገቡት» አልኩ።

«ማቆያው የት ነው?»

«መካኒሳ አቦ፣ ወንድምህ ቤት» አለች ዘይነባ፣ እየሳቀች። «እስከ ቅዳሜ።»

ሦስታችንም ሳቅን። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር። እኔ ግን አስተማሪ ነኝ፤ ሳቁን ጨርሼ «እውነት ለመናገር መጥፎ ሐሳብ አይደለም» አልኩ። «አራት ማታ ብቻ ነው። ቀን ሱቁን ይሠራሉ፣ ሲመሽ ዘግተው ይሄዳሉ። እሷም በጸጥታ ታነባለች።»

ጋሽ ሸምሱ መሳቅ አቆሙ። ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ይጠቅምሻል፣ ዘይኑ?»

እሷም ትንሽ አሰበች። «ይጠቅመኛል መሰለኝ።»

«እሺ። ዕቃ አይከራከርም።» ካርዱን ከደረታቸው ነቅለው በጥንቃቄ ሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት። አንድ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አደረጉና በሱቁ በኩል ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞረው «የአሥራ ዘጠኟን ነገር ሳትመልሱልኝ!» አሉ።

ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ጠረጴዛው ባዶ፣ ቤቱ ጸጥ ያለ፣ ተማሪዋ ከመጽሐፏ ጋር። እንደ ማኑዋሉ ሥዕል።

ሐሙስ ማታ የሙከራ ፈተና ልሰጣት ሄድኩ። የሲኦሲ ፈተና የጽሑፍ ክፍል አለው፤ ከዚያ መዛኙ ፊት ቆሞ ሥራውን እየሠሩ በቃል ማስረዳት ይመጣል። የጽሑፉን ሰጠኋት፤ ደህና ሠራች። ከዚያ ተነሥቼ እንደ መዛኝ ፊቷ ቆምኩ።

«አዲስ ዕቃ መጋዘንሽ በር ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

ደብተሯን በዓይኗ ፈለገች።

«እሺ፣ ቢን ካርድ ምን ይሠራል?»

«ቢን ካርድ... ቢን ካርድ ማለት...» መደርደሪያ ላይ ተንጠልጥሎ የዕቃውን ገቢና ወጪ የሚይዘውን ያንን ካርድ በየቀኑ በእጇ ትጽፍበታለች። ግን ቃል አልወጣትም። ሌላ ጠየቅኳት፣ ሌላም። በመጨረሻ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

«ቲቸር፣ ልተወው። አነባለሁ፣ አይገባም። ይኼ ቤት ጸጥ ሲል ጭንቅላቴም አብሮ ጸጥ ይላል።»

ደነገጥኩ። ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው። የማውቀው ነገር አንድ ነውና ወደ ካይዘን ሮጥኩ፦ የችግር ሥር እስኪገኝ ድረስ «ለምን» እያሉ ደጋግሞ መጠየቅ።

«ለምንድን ነው የማይገባሽ?»

«ዝም ብዬ ስለማነበው።»

«ለምን ዝም ብለሽ ታነቢዋለሽ?»

«ለማን ብዬ ልናገረው?»

«በፊትስ ለማን ነበር የምትናገሪው?»

መልስ ልትሰጠኝ አፏን ከፈተችና ወደ ኮምፔንሳቶው ግድግዳ ዞረች። እኔም ዞርኩ።

«ሱቅ ሲዘጋ» አለች ቀስ ብላ፣ «ወንበር ስቦ ይቀመጥና ዛሬ ምን ተማርሽ ይለኛል። እነግረዋለሁ። ለምን ይለኛል። እናደዳለሁ፣ እንደገና አስረዳዋለሁ። እሱ እሺ ገባኝ ሲል ነው ለእኔም የሚገባኝ። ያ ረቢ! ቲቸር፣ እኔ እኮ ስነጫነጭ ነው ሳጠና የከረምኩት!»

ያስወጣነውን ዕቃ መመለስ ነበረብን፤ ያውም አሁኑኑ። ደወለችላቸው፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ወንድማቸው ጋ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሣም። «ተነሺ፣ እንሂድ» አለችኝ፣ ነጠላዋን እየሳበች።

«መካኒሳ አቦ! ሁለት ሰው! መካኒሳ አቦ!» የሚለው ታክሲ ውስጥ ተጨናንቀን ገባን። ዘይነባ መንገዱን ሙሉ ስትስቅ ነበር። «ሲያየን ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? አልነገርኩሽም ነው የሚለው» ትለኝ ነበር።

በሩን የከፈተችልን የወንድማቸው ሚስት ሰሚራ ናት። ዘይነባን አቅፋ ሳመቻት፣ ከዚያም አሻግራ ወደ ኋላዋ አየች።

«ሸምሱስ? ለምን ጥለሽው መጣሽ?»

ዘይነባ ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። «እዚህ አይደለም እንዴ?»

«እዚህ? ከኢድ ወዲህ ዓይኑን አላየነውም። ምነው፣ ምን አጠፋ?»

ስለዚያ የመልስ ጉዞ ብዙ ማለት አልችልም። ዘይነባ መስኮት በኩል ተቀምጣ ወደ ተዘጋው ስልክ ደጋግማ ትደውል ነበር። ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ሰውየው የት አደሩ? ስልካቸውስ ለምን ተዘጋ? ታመው ወድቀው ይሆን? የባሰም ነገር በልቤ መጣ፤ አውጥቼ አልናገረውም። እሷ ልብ ውስጥም እንደመጣ ግን ጣቶቿን ስታፍተለትል አይቼ አውቄያለሁ። ልጅ ያሳደጉ፣ አብረው ሱቅ ያቀኑ ሰዎች ናቸው። በመሃላቸው የገባሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ካርድ ይዤ።

ታክሲው ለቡ ሲደርስ «ፈተናውን እርሺው» አለችኝ። «ሸምሱ ይገኝልኝ እንጂ ለፈተናው ግድ የለኝም።»

ወደ ግቢው በር ለመዞር ሱቁን ስናልፍ፣ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። የተዘጋው የሱቁ ብረት መዝጊያ ሥር ቀጭን የመብራት መስመር ይታያል።

አንኳኳች። መብራቱ ጠፋ።

«ሸምሱ!»

ከውስጥ ሳል ሰማን፤ ተይዞ ተይዞ ያመለጠ ሳል።

«ሸምሱ፣ ክፈት! ሳልህን አላውቀውም?»

መዝጊያው እያቃሰተ እስከ ወገብ ከፍ አለ። ጋሽ ሸምሱ ብርድ ልብሳቸውን እንደ ጋቢ ደርበው፣ ኮፍያቸው በሲሚንቶ ብናኝ ግራጫ ሆኖ፣ ጎንበስ ብለው አዩን። ከኋላቸው በተደረደረ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ካርቶን ተነጥፏል።

ዘይነባ ጎንበስ ብላ ገባችና ትከሻቸውን በጥፊ መታች። ከዚያ እዚያው ትከሻ ላይ ፊቷን ደፍታ አለቀሰች።

«አንተ ሰውዬ! አንተ... ሞተሃል ብዬ!»

«ምን ሆነሻል? የት ሄጄ ነው የምሞተው? ከመስጊድ ከተመለስኩ ጀምሮ እዚሁ ነኝ።» ከዚያ እኔን አዩኝ። «ቲቸር፣ አትቆጪኝ። ማቆያውን በራሴ ሥልጣን ቀይሬዋለሁ።»

«ለምን ወንድምህ ቤት አልሄድክም?»

«አንቺን ብቻሽን ጥዬ? ዙሪያችን ጅምር ሕንፃ ነው፤ ማን አለ? ደግሞ የሰሚራን ጥያቄ ማን ይችላል? ምን አጥፍተህ ነው የተባረርከው እያለች ታደርቀኛለች።»

«ስልክህስ?»

«ቢጮህ ትሰሚዋለሽ ብዬ ነዋ።» ግድግዳውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «እኔም እሰማሻለሁ። ትናንት ስታነቢ አንዴ ድምፅሽ ከፍ አለ። ‹ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል› አልሽና ዝም አልሽ። ለምን? ለምንድን ነው ቀድሞ የገባው ቀድሞ የሚወጣው? እንቅልፍ አሳጣኝ እኮ! ግድግዳውን ላንኳኳ እጄን አንሥቼ፣ ካርዱ ትዝ አለኝና መለስኩት።»

ዘይነባ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ፣ አንባቢዎቼ፣ ድምጿ ተለወጠ።

«ምን ላይ ነው የተኛኸው?»

«ሲሚንቶ ላይ።»

«የቱ ነው ቀድሞ የገባው?»

«የታችኛው። የላይኛው የሰሞኑ ነው።»

«ደንበኛ ሲመጣ የትኛውን ነው የምትሸጠው?»

«የላይኛውን። ይቀርበኛላ።»

«የታችኛውን እስቲ ንካው።»

ጎንበስ ብለው አንዱን ከረጢት በጡጫ መቱትና እጃቸውን አራገፉ። «ድንጋይ ሆኗል!»

«እሱን ማን ይገዛሃል?»

«ማንም።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ቀድሞ የገባው... አሃ!» ሳቁ። «እሺ፣ ምስማርስ? ምስማር አይደርቅም፤ ለምን ቀድሞ ይወጣል?»

«ይዝጋል!»

«ቀለምስ?»

«ይረጋል! አንተ ደግሞ!»

ቀጠለች። ዕቃ በር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ከግዢ ትዕዛዙ ጋር ማመሳከር፣ መቁጠር፣ ጥራቱን ማየት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ላይ መፈረም። «ዕቃው ሳይመጣ ብትፈርሙስ» የሚለው የማክሰኞ ጥያቄያቸውም መልሱን አገኘ፦ ፈራሚዋ ያልተረከበችውን ዕቃ ዕዳ ተሸከመች ማለት ነው። የሱቁን መደርደሪያ መጋዘኗ አድርጋ፣ እየተቆጣች፣ እየሳቀች፣ እጇን እያወናጨፈች አስረዳች። ከአንድ ሰዓት በፊት አንድ ቃል ያልወጣት ሴት ናት። እኔ መዝጊያው ሥር ቆሜ፣ ሁለት ጊዜ ላርማት አፌን ከፍቼ ሁለቱንም ጊዜ ዘጋሁት። ሁለቱንም ጊዜ ጋሽ ሸምሱ «ቆይ፣ ይኼ አልገባኝም» ብለው ራሷን በራሷ እንድታርም አደረጓት።

ልወጣ ስል ጋሽ ሸምሱ ኪሳቸውን ዳሰሱና ካርዱን አወጡ። «ቲቸር፣ እንደ ሕጉ እንሂድ። ዕቃ ከማቆያ የሚመለሰው እንዴት ነው?»

«የሚፈልገው ክፍል ይፈርማል» አልኩ።

ዘይነባ ከእጄ እስክሪብቶውን ወስዳ፣ ካርዱን ሚዛኑ ላይ አስደግፋ ፈረመች።

ቅዳሜ ጠዋት ዘይነባ ወደ መፈተኛው ስትገባ እኔና ጋሽ ሸምሱ በሩ ላይ ቀረን። ከእሷ ይልቅ እሳቸው ነበሩ የተፈተኑት። ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ፣ «መዛኙ ቁጡ ነው?» «ውሃ ይሰጧቸዋል?» ይሉኛል። ቀኑ ከቀትር አልፎ ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

«እህ?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«መዛኙ ፊት ስቆም ያው ዝም አልኩ። ምላሴ ታሰረ።»

«ኧረ!»

«ከዚያ፣ ‹ጌታዬ፣ ለባሌ እንደማስረዳ አድርጌ ባስረዳዎት ያስቀጣኛል?› አልኩት። ሳቀ። ‹ያስረዱኝ› አለኝ። አስረዳሁት። ብቻ እሱ እንዳንተ ለምን ለምን አይልም፤ ዝም ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ለምን የሚለውንም ራሴ ጠየቅኩ፣ ራሴ መለስኩ።»

ውጤቱ ወዲያው አይነገርም። ስንጠብቅ በከረምንበት ጊዜ ብዙ አሰብኩ፤ ያሰብኩትንም ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

የካይዘን ፍቅሬ አልቀነሰም። ችግሩን ያገኘነው ያው ደጋግሞ ለምን በማለት ነው። ማጣራትን ግን እስከዚያ ድረስ የተረዳሁት በግማሹ ነበር። ሥራ የሚያቋርጥ ነገር ሁሉ ሥራን የሚያበላሽ መስሎኝ ነበር። አንዳንዱ ግን ራሱ ሥራው ነው። ዘይነባ «አላስጠና አለኝ» ስትለኝ አምኛት ካርድ አወጣሁ። ሰውየው እዚያ ቤት ውስጥ ምን እየሠሩ እንደሆነ ለማየት ግን አንዲት ማታ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ዛሬ ክፍል ስገባ የመጀመሪያ ቀን ጥያቄዬ «ቤት ስትገቡ ዛሬ ምን ተማራችሁ የሚላችሁ ማነው?» የሚል ነው። ማንም የለኝም ያለውን ከሌላ ማንም ከሌለው ጋር አስቀምጠዋለሁ። ክፍሌ ከበፊቱ ይልቅ ይጮሃል፤ ከጎን ክፍል መጥተው ዝም አሰኚልን ይሉኛል። እኔም ከበፊቱ ያነሰ አስረዳለሁ፤ ይኼ ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ያነበባችሁ ታውቁታላችሁ።

እናንተም ፈተና ያለባችሁ ብትሆኑ፣ ቤታችሁን አጽዱ፣ ጠረጴዛችሁን አስተካክሉ፣ ስልካችሁን አርቁ። ሰው ላይ ግን አትቸኩሉ።

ውጤቱ በወጣበት ቀን ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ዘይነባ ናት፤ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ አነሣሁት።

«ቲቸር፣ ብቁ ብሎኛል! ብቁ!»

ከኋላዋ የጋሽ ሸምሱ ድምፅ ይሰማኛል። «ምን አለች? ምን አለችሽ?»

«ቆይ፣ እየነገርኳት ነው!»

«ለእኔ መጀመሪያ ንገሪኝ እንጂ!»

«ለአንተማ ነግሬሃለሁ እኮ፣ አሁን፣ እዚህ ቆመህ!»

«ገብቶኛል» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ግን አንዴ ድገሚልኝ።»